ከጉሙ በላይ

ባለፈው ሐምሌ ቢግ ሰር በሚባለው የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክለን ለማደር ከኦክላንድ ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ መሆኑን ለባለቤቴ አስቀድሜ አልነገርኋትም ነበር። አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና ከካርሜል በኋላ በግራ የሳንታ ሉሲያን ተራሮች ተደግፎ፣ በቀኝ ፓስፊክን ቁልቁል እያየ ይጠማዘዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጠናቀቀውንና ከሸለቆው ወለል ከ75 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የቢክስቢ ድልድይ ስንሻገር እርሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ደግነቱ፣ በ2017 መድ ክሪክ ላይ ተራራው ተንዶ ይህንኑ መንገድ ከዓመት በላይ ዘግቶት እንደነበር የነገርኋት ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው።

ያደርነው ኪርክ ክሪክ በሚባል፣ ከባሕሩ በላይ ባለ ሜዳማ አፋፍ ላይ ነው። ቦታው የሚጠጣ ውኃ ስለሌለው በጀሪካን ይዘን ሄደናል። ልጆቹ የመዋኛ ልብስ ይዘው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዳርቻ በሞቃቱ ወራት ነፋሱ የላይኛውን ውኃ እየገፋ ቀዝቃዛውን ከጥልቁ ስለሚያወጣው፣ እርጥቡ አየር በላዩ ሲያልፍ ወደ ጉም ይለወጣል። እናም በሐምሌ ጋቢ ለብሰን፣ ጀበናውን በጋዝ ምድጃ ላይ ጥደን፣ ነፋሱን በበረዶ ሣጥናችን ከልለን ቡናችንን ጠጣን።

በማግስቱ ማለዳ ከትልቁ ልጄ ጋር ከሰፈርንበት ፊት ለፊት የሚጀምረውን የቪሰንቴ ፍላት የእግር መንገድ ይዘን ሽቅብ ወጣን። አባቴ በወጣትነቱ በአሥመራና በምፅዋ መካከል የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠለል የሚወርደው ያ መንገድ በጉም ሲሸፈን፣ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ጉሙ ራሱ ባሕር ይመስለዋል እያለ ሲያወራን፣ ባሕር አይቼ የማላውቅ ልጅ ስለነበርሁ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። አንድ ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ ጉሙ ከእግራችን በታች ቀረ፤ እስከ አድማስ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ማዕበሉ ግን በርቀት ከሥሩ ይሰማል። ልጄ «ባሕሩ የት ሄደ?» ሲለኝ ለመመለስ ጥቂት ቆየሁ።

ስልካችን ኔትወርክ ያገኘው ማታ ካምብሪያ ስንደርስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነግቶ ስለነበር ለአባቴ ፎቶግራፉን ልኬ ደወልሁለት። ብዙም አላወራ፤ «አዬ፣ እሱ ነው» ካለ በኋላ ቁልቁለቱን በማርሽ ነው ወይስ በፍሬን የወረድኸው ብሎ ጠየቀኝ።