ፒያኖው ዜማውን እንዳይጫነው

ከአየርላንድ የሕዝብ ዜማ ተነሥተው ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የተዘጋጁ ዘፈኖች ኖታቸው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ገጽ፣ ጥቂት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)። ፈተናው ያለው አጃቢው ጋ ነው። ዜማው ያለ መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ ሙሉ ሆኖ የኖረ ስለሆነ ፒያኖው ብዙ ባወራ ቁጥር ይታፈናል።

«ሺ ሙቭድ ስሩ ዘ ፌር»ን እንውሰድ። የቤልፋስቱ የዜማ ሰብሳቢና አቀናባሪ ኸርበርት ሂውዝ በ1909 ለንደን ላይ ባሳተመው «አይሪሽ ካንትሪ ሶንግስ» የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አለ፤ ግጥሙ የአየርላንዳዊው ገጣሚ ፓድሪክ ኮለም ነው። ቅኝቱ ሚክሶሊዲያን ነው፦ እንደ ሜጀር ሆኖ ሰባተኛው ድምፅ ብቻ በግማሽ ዝቅ ይላል። ዲ ከሚባለው ድምፅ ከተነሣን ኤፍ ሻርፕ (በግማሽ ከፍ ያለ ኤፍ) አለ፣ ሲ ግን ናቹራል ነው፣ ከፍም ዝቅም አላለም። በጆሮ የሚያጅብ ፒያኒስት የሚስተው እዚህ ነው፤ እጁ ስለለመደ ሐረጉን ኤ ሰቨን በሚባለው ኮርድ ይዘጋዋል። በኮርዱ ውስጥ ያለው ሲ ሻርፕ ከዘፋኙ ሲ ጋር ይጋጫል፤ ሳይጋጭ ቢያልፍ እንኳ ቅኝቱ ወደ ተራ ሜጀር ይለወጣል። ትዝታ ላይ ኪቦርዱ የሌለባትን ድምፅ ሲጨምርባት ጆሮ እንደሚሻክረው ማለት ነው። በኤ ሰቨን ፈንታ ሲ ሜጀር ወይም ጂ ይሠራል። የሚበልጠው ግን ግራ እጅ ዲንና ኤን ብቻ ይዞ መቆየቱ ነው፤ ኤፍ ሻርፕን ለዘፋኙ ይተውለት።

«ዳውን ባይ ዘ ሳሊ ጋርደንስ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየርላንዳዊው ገጣሚ ዬትስ ግጥሙን በ1889 ሲያሳትም፣ በስላይጎ አውራጃ ባሊሶዴር መንደር አንዲት አሮጊት በደንብ ሳያስታውሱ ከነገሩት ሦስት ስንኝ አሮጌ ዘፈን መልሶ ለማቋቋም የሞከረበት እንደሆነ ጽፏል። ሳሊ ማለት አኻያ ነው፤ ዳዊቱ ላይ በገና የተሰቀለበት ዛፍ። ሂውዝ ግጥሙን «ዘ ሜይድስ ኦቭ ሞርን ሾር» ከሚባል የቆየ ዜማ ጋር አጋባው።

አንድ ቤት አራት ረጃጅም ስንኝ ነው፣ ለእያንዳንዱ አራት ባር (የኖታ መለኪያ ክፍል)፣ በባሩ አራት ሩብ ኖታ። ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ሩብ ኖታ ከሆነ ስንኙ 16 ሰከንድ ይወስዳል፤ ዘፋኙ ስሜት ልስጥ ብሎ ወደ 48 ካወረደው 20 ሰከንድ ይሆናል። ያኔ መሀል ላይ የወሰዳት ትንፋሽ አታደርሰውም፣ ከመጨረሻው ቃል በፊት ሰርቆ ይተነፍሳል፣ ስንኙም ይሰበራል። ስለዚህ ከ56 በታች ባይወርድ ይመረጣል። የትንፋሹ ቦታ የስንኙ ወገብ ነው።

እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቤንጃሚን ብሪተን በ1943 በታተመው ቅንብሩ ያንኑ ዜማ በጂ ፍላት ሜጀር አስቀምጦታል። ስድስት ፍላት (በግማሽ ዝቅ ያለ ድምፅ) ያስፈራል እንጂ ጥቁሮቹ ቁልፎች ለእጅ ይመቻሉ። ፒያኖው በእኩል ስምንተኛ ኖታዎች ይራመዳል፤ እነዚህ ከዘፋኙ ጋር አብረው ከተለጠጡ ዘፈኑ ይልፈሰፈሳል። ድምፁ ይዘግይ፣ ይቅደም፤ የአጃቢው እጅ ግን ንቅንቅ አይበል። ፔዳሉንም ኮርዱ በተለወጠ ቁጥር ማንሣት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ስምንተኛዎቹ ተድበስብሰው አንድ ጭጋግ ይሆናሉ።

አየርላንዳዊው አቀናባሪ ሃሚልተን ሃርቲ ባቀናበረው «ማይ ላጋን ላቭ» ላይ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ዜማው እንደ እንጉርጉሮ ነጻ ነው፤ ጌጦቹን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) የቆጠረ ዘፋኝ ይደርቅበታል። አጃቢው ኮርዱን ይዞ የዘፋኙን ከንፈር እያየ ይጠብቅ፤ ቀጣዩን የሚመታው ቃሉ ሲያርፍ ነው፣ ባሩ ሲሞላ አይደለም።