ዲኤክሴን ካቫሌቶ ላይ ሰቅዬ ፍሪሲዮን የቀየርኩበት ሳምንት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነው ነገሩ የለየለት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን ወደፊት አትሄድም። ወዲያው ያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ አለቀ ማለት ነው። ማለቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ከስምንት ወር በፊት ጋራዥ አስገብቼ አስቀይሬው ነበር። ከዚያ በፊት የተቀየረውም ዓመት አልሞላም።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ባለ 1.3 ሊትር 4ኬ ሞተር፣ የኋላ ጎማ ነጂ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከመጣው ሞዴል ጀምሮ ተራው ኮሮላ የፊት ጎማ ነጂ ሆኗል። የእኔዋ ግን ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ከሞተሩ ኋላ በቁመቱ የተጋደመ ነው፤ ከሥር ገብቶ ለሚያወርደው ሰው ይመቻል። የፊት ጎማ ነጂ ብትሆን ኖሮ ቤት ውስጥ አልሞክረውም ነበር።

ጎረቤታችን ጋሼ በአሰብ መስመር ኤን ትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ፍሪሲዮን በስምንት ወር አያልቅም። የሚጨርሰው ነገር አለ። እሱን ሳታገኝ አዲስ እንዳታስገባ» አሉኝ። ራሴ ልፈታው የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ጋራዥ ውስጥ ሰው ይቸኩላል። እኔ ግን እያንዳንዱን ነገር በእጄ ይዤ ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

ሊፍት የለኝም፤ ጉድጓድም የለኝም። ያለኝ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ጠባብ ግቢ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ያስጨነቀኝ መኪናዋ ላዬ ላይ እንዳትወድቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ብሎኬት ደርድሮ ሥሩ የሚገባ ሰው አያለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ክሪክም ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አልተሠራም። ባለ 3 ቶን አራት ካቫሌቶ፣ ማለትም መኪና ተነስቶ የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ፣ ገዛሁ። ኮብልስቶኑ ወጣ ገባ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፍኩ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት አድርጌ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግኳት። ከዚያ በሙሉ ጉልበቴ ከጎን ገፋኋት። አልተነቃነቀችም። ያም ሆኖ ስኮርታ (ትርፍ) ጎማውን ከነቸርኬው ከሥሯ አስገባሁ። አንድ ነገር ቢሳሳት እንኳ ጎማው ለእኔ ቦታ ይተውልኛል ብዬ ነው። ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ፤ አይቆጨኝም።

መፍታቱ እንደፈራሁት አልነበረም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልኩ። የማርሽ ዘንጉን ከውስጥ አወጣሁ። የካምቢዮውን ዘይት አስቀድሜ አፈሰስኩ፤ አለበለዚያ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ በኋላ በኩል ፊት ላይ ይወርዳል። ያ ዘንግ ዲፈረንሻሉ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደረግኩበት። በነበረበት አቅጣጫ ካልተመለሰ ሚዛኑ ሊዛባና መኪናው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወረደ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ፣ የሪቨርስ መብራቱ ሽቦ ተነቀለ። ያስቸገሩኝ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙት የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ናቸው። እጅ አይደርስባቸውም። ሞተሩን ከሥሩ በጣውላና በክሪክ ደገፍኩት። የካምቢዮውን መያዣ ብረት ፈታሁና ሞተሩን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ዘንበል አደረግኩት። ከዚያ በረጅም ማራዘሚያ ደረስኩባቸው። ካምቢዮውን በሁለተኛ ክሪክ ይዘን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ቀጥ አድርገን ወደ ኋላ ሳብነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ውስጥ በገባው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር መጠንቀቅ ነው፤ ዘንጉን ሊያጣምመው ይችላል።

ስፒንጂ ዲስኮውን (ዲስኩን የሚጫነውን ሽፋን) ስፈታ ዲስኩ እጄ ላይ ወደቀ። በባትሪ መብራት አየሁት። የዲስኩ ልባስ ገና አላለቀም ነበር። ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኗል። ጣቴን ሳሳርፍበት በዘይት ራሰ። ቮላኖውም (ዲስኩ የሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ከመሐሉ ወደ ጠርዙ የተረጨ የዘይት መስመር አለው። ጋሼን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ከቮላኖው ኋላ በጣታቸው ጠረጉ። ጣታቸውን አሸተቱት። «የካምቢዮ ዘይት አይደለም። የሞተር ነው። ፓራዮልዮው ነው።»

ሁለት ጊዜ ዲስክ ሲቀየር ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ዘይቱን የሚያቆመውን ያን የጎማ ቀለበት ማንም አልነካውም። ቀለበቱ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። ዘይቱ ይወርዳል፣ ዲስኩ ይርሳል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ከዚያ እንደገና አዲስ ዲስክ። ያ ቀለበት ከዲስኩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱን ለመቀየር ግን ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው። ወርዶ እያለ አለመቀየር ነው የሚያናድደው።

ቀኑ እሁድ ስለነበር ሱቁ ዝግ ነው። ሰኞ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ አሮጌውን ይዤ። ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ። በስም ብቻ ከጠየቃችሁ የሚመስል ነገር ይሰጧችኋል። እኔ ዲስኩን፣ ስፒንጂ ዲስኮውን፣ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ሁሉ ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ ነው የገዛሁት። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ካቫሌቶ ላይ ቆየች። እኔ በታክሲ ሥራ ተመላለስኩ።

ቅዳሜ ቮላኖውን አውርጄ ፓራዮልዮውን ቀየርኩ። አዲሱን ዙሪያውን እኩል መታ መታ እያደረግኩ፣ ጠርዙን በዘይት አርሼ አስገባሁት። የቮላኖውን ገጽ በቤንዚን አጥቤ በአሸዋ ወረቀት አጠራሁት። ዲስኩን መሐል ላይ ማስተካከያ መሣሪያ የለኝም። የመጥረጊያ እንጨት ቆረጥኩ። ጫፉን በቢላ አቅጥኜ፣ ናስትሮ (ፕላስተር) እየጠቀለልኩ በዲስኩ ቀዳዳ ልክ አደረግኩት። ሰዓት ፈጀብኝ፤ ግን ሠራ። የዲስኩ መሐል ጎላ ብሎ የወጣበት ጎን ወደ ካምቢዮው መዞር አለበት። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጠበቅኳቸው። ዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ ስሱን ብቻ ቀባሁ። ከበዛ ተረጭቶ አዲሱን ዲስክ ያበላሻል።

ካምቢዮውን መመለስ ከማውረዱ በእጥፍ ይከብዳል። ገባ፣ ገባ፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ክንዳችን ዝሏል፤ መሽቷል። ረጅም ብሎን አስገብቼ እያጠበቅኩ ልስበው ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ተው! የካምቢዮው ጆሮ ይሰበራል። ብረት በጉልበት አይገባም» አሉ። ሞተሩንና ካምቢዮውን አስተያዩ። ለካ ሞተሩ በክሪኩ ላይ ትንሽ ወርዷል። ከፍ አድርገን እኩል አደረግነው። ካምቢዮው ማርሽ ላይ እንዳለ፣ ከኋላ ያለውን የዘንጉን ጫፍ በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። «ጠቅ» አለና ራሱ ተንሸራቶ ገባ። ብሎኖቹን በእጄ ነው ያስገባኋቸው።

እሁድ ጠዋት ቀሪውን አሰርኩ። የካምቢዮ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ ተርፎ እስኪፈስ ሞላሁ። ፔዳሉ ከላይ ትንሽ ባዶ ጉዞ እንዲኖረው አስተካከልኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳላስጨንቃት ሜዳ ሜዳውን ነዳሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦ ወጣን፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ያለ ሽታ። ጋሼ መስኮቱን ከፍተው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ።

አሁን ማታ ማታ ሳቆማት ከካምቢዮው አፍ ሥር ንጹሕ ካርቶን አነጥፋለሁ። ጠዋት ከቡና በፊት ወጥቼ አየዋለሁ። እስከ ዛሬ ደረቅ ነው።