ማይሊንና የእድገት ፋክተሮች፦ ነገሩ ያለው በሰዓቱ ነው

ማይሊን የነርቭ ክርን የሚሸፍን ቅባታማ ልባስ ነው፤ የእድገት ፋክተር ደግሞ ሕዋሳት እንዲባዙ ወይም እንዲበስሉ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን ነው። «ለማይሊን የሚጠቅመው የትኛው ፋክተር ነው?» የሚለው ጥያቄ የሕዋሱ ደረጃ ካልተጠቀሰ መልስ የለውም። በአንጎል ውስጥ አክሰንን (የነርቭ ሕዋስን ረጅም ክር) በማይሊን የሚጠቀልለው ኦሊጎደንድሮሳይት መጀመሪያ ቀዳሚ ሕዋስ ሆኖ ይባዛል፣ ይጓዛል፤ ከዚያ መባዛቱን አቁሞ ይበስላል። ያንኑ ፋክተር በሁለት ደረጃ ላይ ብንሰጠው ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ፒዲጂኤፍ-ኤኤ የተባለው ፋክተር ከነርቭ ሕዋሳትና እነርሱን ከሚደግፉት አስትሮሳይቶች ይመነጫል። ቀዳሚውን ሕዋስ በሕይወት ያቆየዋል፣ ያባዛዋልም። የዚህ ፋክተር ጂን የጠፋባቸው አይጦች ቀዳሚ ሕዋሳታቸው በእጅጉ ስለሚያንስ ማይሊናቸው ይጎድላል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ፒዲጂኤፍ ብቻውን ሲሆን ግን ሕዋሱ የተወሰነ ዙር ተከፋፍሎ በራሱ ጊዜ ወደ ብስለት ይገባል። ኤፍጂኤፍ-2 የተባለ ሌላ ፋክተር ሲታከልበት ይህ ገደብ ይነሣና ሳይበስል መከፋፈሉን ይቀጥላል። የሚገርመው፣ የኤፍጂኤፍ ተቀባዮች ከበሰለው ሕዋስ ላይ ሲጠፉ ማይሊኑ ይሳሳል። ቀድሞ ብስለትን የሚያግደው ምልክት በኋላ ውፍረትን የሚጨምረው በኤርክ መንገድ (በሕዋሱ ውስጥ ምልክት በሚያስተላልፍ የፕሮቲኖች ሰንሰለት) በኩል ነው።

አይጂኤፍ-1 የተባለው ፋክተር ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ምልክት በሚያስተላልፉት አክትና ኤምቶር በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል የፕሮቲንና የቅባት ምርትን ያነሣሣል። አክት ሁልጊዜ እንዲሠራ የተደረገባቸው አይጦች የሕዋሳቱ ቁጥር ሳይጨምር ማይሊናቸው ይወፍራል፤ ኤምቶርን የሚያግደው ራፓማይሲን ሲሰጣቸው ይህ ውፍረት ይገታል። ኒውረጉሊን-1 የተባለው ፋክተር በእጅና በእግር ነርቮች ላይ የማይሊን ውፍረት ዋና ተቆጣጣሪ ቢሆንም፣ ኦሊጎደንድሮሳይት ያለ እርሱም ይጠቀልላል። የሽዋን ሕዋስን (በእጅና በእግር ነርቮች ማይሊን የሚሠራውን) ውጤት ወደ አንጎል በቀጥታ መውሰድ ስሕተት ነው።

ሕዋሱን በሳህን ላይ ለማሳደግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒዲጂኤፍ-ኤኤና ኤፍጂኤፍ-2 እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 20 ናኖግራም በሚሊሊትር ይጨመራሉ። ከዚያ ሁለቱም ይነሡና የታይሮይድ ሆርሞን ቲ3 ከ30 እስከ 40 ናኖግራም በሚሊሊትር ይተካል። ኤምቢፒ የሚባለው የማይሊን ፕሮቲን ከጥቂት ቀናት በኋላ ይታያል። ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሳህኑ ውስጥ የቀረ ኤፍጂኤፍ-2 ነው፤ ፈሳሹን በግማሽ መቀየር አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ ተወግዶ ሳህኑ ይታጠብ። በተቃራኒው ደግሞ ኤፍጂኤፍ-2 በ37 ዲግሪ ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ በየቀኑ ካልታደሰ ሕዋሱ ሳይፈለግ ይበስላል። ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ከገባበት ቀዳሚው ሕዋስ ወደ አስትሮሳይትነት ያዘነብላል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ኢንሱሊን ነው። በተለመደው የማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ 5 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ያህል አለ፤ በዚህ መጠን የአይጂኤፍ-1ን ተቀባይ ራሱ ያነሣሣል። በዚያ ላይ አይጂኤፍ-1 ጨምሮ «ለውጥ የለም» ማለት ከንቱ ነው። ኢንሱሊኑ መጀመሪያ ይቀነስ።

ኤምቢፒ ጨመረ ማለትም ማይሊን ወፈረ ማለት አይደለም፤ ሕዋሱ በዝቶ ሊሆን ይችላል። የኦሊጎደንድሮሳይት ዘር ሕዋሳት መለያ በሆነው በኦሊግ2 ጠቅላላ ሕዋሳቱ ይቆጠሩ፣ ከእነርሱ ስንቱ ኤምቢፒ እንዳለው ይለይ። ውፍረቱ ግን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ የአክሰኑን ዲያሜትር ማይሊኑን ጨምሮ ባለው ዲያሜትር በማካፈል ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማይሊኑ ወፍሯል።