የኮሮላን እግር ሥር በሲባጎና በቱንቢ፦ ክብደት ወዴት እንደሚሸጋገር አውቆ ማስተካከል

መኪና ኩርባ ላይ ሲያጋድል ወይም ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ሲደፋ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጠንከር ያለ ሞላ አስገባበት»። ሞላ ግን የሚሸጋገረውን ክብደት አይቀንስም። መጠኑን የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ እንዲሁም ሹፌሩ በመሪና በፍሬን የሚያመጣው ጉልበት ናቸው። ሞላና ስታቢላይዘር ባራ (የግራና የቀኝ እግርን የሚያገናኘው ብረት) የሚወስኑት ከተሸጋገረው ውስጥ ስንቱ በፊት ጎማዎች፣ ስንቱ በኋላዎቹ በኩል እንደሚያልፍ ነው። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርስ ይወስናል። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እኔ የሠራሁት በቶዮታ ኮሮላ ኢ110 ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የወጣው ሞዴል። ሁለት ሰው ተሳፍሮበት 1,150 ኪሎ ያዝኩለት። ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 2.465 ሜትር፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ 1.45 ሜትር ገደማ ነው። የክብደቱን ማዕከል 53 ሳንቲ ሜትር ላይ ገመትኩት። ስሌቱ ክብደቱን በማዕከሉ ከፍታና በጉልበቱ ማባዛት፣ ከዚያ ለርቀቱ፣ ለፍሬን ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር፣ ለኩርባ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ ላለው፣ ማካፈል ብቻ ነው። ጉልበቱ የሚለካው በጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት ጋር ተነጻጽሮ፣ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንካራ ፍሬን 0.7 ጂ ያህል ነው፤ ይህ ወደ 173 ኪሎ ከኋላ ወደ ፊት ያሻግራል። ቆሞ ሳለ ፊቱ 690፣ ኋላው 460 ኪሎ ከተሸከመ፣ ፍሬን ላይ ፊቱ 863፣ ኋላው 287 ይሆናል። ኩርባ ላይ በ0.6 ጂ ሲዞር 252 ኪሎ ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጨኛው ይሄዳል። የትኛውም ሞላ ቢገባ ይህ 252 እምብዛም አይለወጥም።

ታዲያ ማከፋፈሉ ለምን ይጠቅማል? ጎማ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ለስሌት ያህል የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 345 ኪሎ ተሸክመው የጭነታቸውን 0.90 ይይዛሉ እንበል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 621 ይሆናሉ። 150 ኪሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ውጨኛው 495 ተሸክሞ 0.83፣ ውስጠኛው 195 ተሸክሞ 0.97 ቢይዝ ድምሩ 600 ነው። የተሸከሙት ክብደት ያው ሆኖ 21 ኪሎ አቅም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሽግግሩ በብዛት የሚያልፍበት እግር ቀድሞ ይለቃል። ኮሮላ በፊት እግሩ የሚነዳ፣ ሞተሩም ፊት ያለበት በመሆኑ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ፊቱ ነው፤ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ላይ የፊቱን ሞላ ብቻ ማጠንከር ችግሩን ያባብሰዋል።

እኛ አገር የተለመደው መኪናን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ከፍ ማድረግ ነው፤ በፍጥነት መቀነሻውና በጉድጓዱ ምክንያት ከሞላው በላይ ስፔሰር ይገባል። ይህኛውም ፊቱ ላይ የ30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ነበረው። በስሌት ስትመለከተው የክብደቱ ማዕከል 3 ሳንቲ ሜትር ሙሉ ቢነሳ እንኳ በ0.6 ጂ የሚጨምረው ሽግግር 14 ኪሎ ብቻ ነው። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የታችኛው ብራቾ፣ ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ወደ ጎማው በኩል ያዘቀዝቃል፤ ካምበሩ፣ ማለትም የጎማው ላይ ወደ ጎን መዘንበል፣ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ የጎማው አቅጣጫ፣ ማለትም ቶው፣ ይዛባል። ከሁሉ በላይ ሾኩ ቆሞ ሳለ ተዘርግቶ ስለሚቆይ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ መውረድ አይችልም፤ ሾኩ ጫፉ ድረስ ተዘርግቶ «ጧ» ይላል፣ በዚያች ቅጽበትም ጎማው መሬት አይነካም። ስፔሰሩን አወጣሁት። ሞላ መቁረጥም መፍትሔ አይደለም። በማክፈርሰን እግር (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ የሚይዙበት) ላይ መኪናው ሲወርድ የሚያጋድልበት ነጥብ፣ ሮል ሴንተር የሚባለው፣ ከቦዲው ይበልጥ ስለሚወርድ መኪናው የባሰ ለማጋደል ይዳዳዋል።

ከመለካት በፊት ልቅ የሆነ ነገር ሁሉ መጥፋት አለበት፤ የላላ እግር ላይ የተለካ ቁጥር ነገ ሌላ ነው። ታኮ አድርጌ፣ በክሪክ አንስቼ፣ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ካሳረፍኩት በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት፤ እዚህ ጨዋታ ካለ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲወዘወዝ የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው የታችኛው ብራቾ የኋላ ቦኮላ (ላስቲክ ያለበት መገጣጠሚያ) ነው። በብረት ዘንግ ፈልቀቅ ሲደረግ የቦኮላው ላስቲክ ከብረቱ ተለይቶ ከተሰነጠቀ፣ ፍሬን ሲያዝ ብራቾው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጎማው ይጣመማል፣ መኪናውም ሳይታዘዝ ወደ ጎን ይስባል። ፍሬኑ ተፈትሾ ተፈትሾ ምክንያቱ የሚጠፋው እዚህ ነው።

አዲስ ቦኮላ ሲገባ አንድ ሕግ አለ። የብራቾው ቡሎን የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ቆሞ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ቦኮላው በዚያ ቦታ ላይ ይቆለፋል፤ መኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ እየተጠማዘዘ ይኖራል፣ በጥቂት ወራትም ይበጣጠሳል። «ኮፒው ዕቃ ነው የማይበረክተው» ከሚባለው ብዙው መነሻው ይህ ነው።

ለልኬቱ ጠፍጣፋ መሬት መረጥኩ፣ ነዳጁን ግማሽ አደረግሁ፣ የጎማዎቹን አየር አስተካከልኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ በገመድ አሰርኩት። መኪናው ከክሪክ እንደወረደ አይለካም፤ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ይቀራሉና ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መገፋት፣ አራቱም ማዕዘን መጫንና መለቀቅ አለበት። መጀመሪያ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በአራቱም በኩል ለካሁ። በግራና በቀኝ መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጥሎ ከፊት ቸርኬ መሐል እስከ ኋላ ቸርኬ መሐል በሁለቱም ጎን ለካሁ። እዚህ ከ5 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ከተገኘ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የመታው ብራቾ ስላለ፣ አላይመንት ቢሠራም መኪናው መሳቡን አይተውም።

ካምበሩን በቱንቢ ነው ያየሁት። ባለ 14 ቸርኬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 380 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቱንቢው ከፓራፋንጎ ወርዶ በቸርኬው ፊት ሲንጠለጠል ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ ያለው ልዩነት 6.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ዲግሪ ነው። ከስፔሰሩ ጋር የላይኛው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፣ ግማሽ ዲግሪ መሆኑ ነው። ኩርባ ላይ ቦዲው ሲያጋድል ውጨኛው ጎማም አብሮ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ የማክፈርሰን እግር ከዚህ የሚመልሰው በከፊል ብቻ ነው። ከመነሻው ውጭ ላይ ያለ ጎማ በጠርዙ ብቻ ሊዞር ነው። ስፔሰሩ ከወጣ በኋላ ሾኩን ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚያያዙትን ሁለት ቡሎኖች አላልቼ፣ የጎማውን ላይ ወደ ውስጥ ገፍቼ አጠበቅኳቸው። በዚህ ብቻ ካልደረሰ ከላይኛው ቡሎን ቦታ ወገቡ ቀጠን ያለ የካምበር ቡሎን ይገባል። በሁለቱም በኩል 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ሦስት አራተኛ ዲግሪ ገደማ፣ ላይ ተውኩት። ከአንድ ዲግሪ ካለፈ በከተማ ቀጥታ መንገድ የጎማው ውስጥ ያልቃል።

ቶው ሁልጊዜ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ካምበር ሲነካ ቶው ይለወጣልና። በመኪናው ሁለት ጎን በካቫሌቶ ላይ ሲባጎ ወጠርኩ፣ በቸርኬው መሐል ከፍታ። በሁለቱ ሲባጎዎች መካከል ያለው ርቀት ፊትና ኋላ እኩል መሆን አለበት፤ ከሲባጎ እስከ ፊት ቸርኬ መሐል በግራም በቀኝም እኩል፣ ኋላም እንዲሁ። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ ያለው ርቀት ፊትና ኋላ ስለሚለያይ ፊትን ከኋላ ጋር ማመሳሰል አያስፈልግም። ከዚያ የቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ከሲባጎው ይለካሉ። የፊቱ ጠርዝ ከሲባጎው ከራቀ ጎማው ወደ ውስጥ ያያል፤ አንድ ሚሊ ሜትር 0.15 ዲግሪ ነው። ጎማው ሲዞር እንዳይያዝ ከሥሩ በመካከላቸው ግራሶ የተቀባ ሁለት ሁለት ሴራሚክ አደረግሁ። የመሪ ዘንጉን ዳዶ ከማላላት በፊት ዘንጉን የሚሸፍነውን የላስቲክ ከረጢት ማሰሪያ መፍታት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ከረጢቱ ተጠማዞ ይቀደዳል። ግራና ቀኝ እኩል እየዞሩ መሄድ አለባቸው፣ ያለዚያ መሪው ጠማማ ሆኖ ይቀራል። በድምሩ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አደረግሁት።

ቶው መሳሳቱን ጎማው ራሱ ይናገራል። መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ማሸት ነው። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው በየሜትሩ ወደ ጎን እየተጎተተ ነው የኖረው። ስለቱ የሚሰማው እጅ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ከሆነ ቶው ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ በተቃራኒው ከሆነ ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ዓባይ በረሃን እያቋረጠ ጎሃጽዮን ደጀን ለሚመላለስ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጭነቱ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ 60 ኪሎ ሲጫን፣ ጭነቱ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የኩርባው ሽግግር ከ252 ወደ 292 ኪሎ ያድጋል። ስፔሰሩ ካመጣው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ከኋላ ብዙ ሲጫን ደግሞ እግሩ ወርዶ የሾኩ ማቆሚያ ላስቲክ ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ሞላው ሥራ ያቆማል፣ የኋላ እግር በድንገት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሽግግሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞርና ኋላው ይወረወራል። ዓባይ በረሃ ውስጥ አፈሩ እየተንሸራተተ አስፋልቱን በሚያጣምምበት ኩርባ ላይ ይህ በጣም አደገኛ ነው። ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ ይታሰር።

ቁልቁለቱ በራሱ የሚያሻግረው ክብደት ትንሽ ነው፤ መቶ ሜትር ሲኬድ 7 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 17 ኪሎ ያህል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው ፍሬን ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ኩርባው ሳይጀምር መሪው ቀጥ እንዳለ ይያዛል፣ ሲገባ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፣ ኩርባው ውስጥ ነዳጅ በትንሹ ተይዞ ይቆያል። መሐል ላይ ደንግጦ ነዳጅን ድንገት መልቀቅ ክብደቱን ወደ ፊት ወርውሮ ኋላውን ያቀለዋል።

የጎማ አየር ባዶውን ፊት 32፣ ኋላ 30 ፒኤስአይ ይዤ፣ በጭነት ኋላውን 34 አደርጋለሁ፤ የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው። ከጎሃጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ 1,400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚባል የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፣ መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያሳያል። ጎማው በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ግን 3 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ ታች ላይ ሞቀ ብሎ አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም።

ለሙከራ ባዶ ሜዳ ላይ 15 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በኖራ አሰመርኩ። አንድ ዙር በ11 ሰከንድ ሲጠናቀቅ 0.5 ጂ ነው፣ ፍጥነቱም 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ በ10 ሰከንድ ሲሆን 0.6 ጂ። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መሪው ተጨማሪ መዞር የሚጠይቅበትን ሰዓት መመዝገብ ነው። ከስፔሰሩ ጋር ፊቱ ከ11 ሰከንድ በታች መግፋት ይጀምር ነበር፤ ካምበሩና ቶው ከተስተካከሉ በኋላ 10 ሰከንድ ላይ መስመሩን ይዞ ዞረ፣ በዚያው ሞላና በዚያው ጎማ። አዲስ ሞላ ረግቶ ትክክለኛ ከፍታውን የሚይዘው ከተነዳ በኋላ ስለሆነ፣ ሞላ የተቀየረ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከፍታው ተለክቶ ቶው እንደገና ይታያል፤ የሾኩና የብራቾው ቡሎኖችም በዚያው ይጠብቃሉ።