አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ዛሬ ላሰፍረው የፈለግኩት የዲኤክስን ሙቀት ነው። ያ 4ኬ ሞተር ያለው አሮጌ ኮሮላ፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) አሉሚኒየም የሆነው። «ሙቀት ያነሳል» ተብሎ ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈረድበት ቴስታታው ነው። ይፈታል፣ ይላጋል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ይገባለታል፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው እንደገና ያፈላል። እኔ እንደሚመስለኝ ሥራው ከጭራው ነው የሚጀመረው። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ከሁሉ ርካሹ ዕቃ፣ የራዲያተሩ ክዳን ነው።

ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚያ ከፍ ያለው ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የሞተሩ የሥራ ሙቀት ከ82 እስከ 95 ባለው መካከል ስለሚመላለስ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ምንም በሽታ የሌለው ሞተርም ያፈላል። የዲኤክስ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። ይህን ግፊት በወጉ ከያዘ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ ሳይፈላ ወደ 114 ዲግሪ ይደርሳል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) የተቀላቀለበት ከሆነ እስከ 120 አካባቢ ይታገሣል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ክዳኑ ቢሞትበትም እስከ 100 ድረስ ፋታ አለው። እኛ ያ ፋታ የለንም።

ክዳኑን ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ከፍቶ መገልበጥ ነው። በትልቁ ስፕሪንግ የሚገፋው ላስቲክ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ክብ ጎድጓዳ መስመር ከሠራ አልቆለታል። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ውሃ ዕቃው ውሃ የምትመልሰው ናት። በጥፍር ሳብ ሲያደርጓት ወጥታ በራሷ መመለስ አለባት። ተጣብቃ አልከፈት ካለች ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ውሃ የሚወስደው ወፍራም ጎማ) ተጨምቆ ጠፍጥፎ ይገኛል፤ ማኒኮቶው አርጅቷል ተብሎ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ በዚህች ቫልቭ ጥፋት ነው። መሞከሪያ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ጤነኛ ክዳን ከ0.75 እስከ 1.05 ባለው ውስጥ ይከፍታል፤ ከ0.6 በታች ከለቀቀ ይጣል። መሞከሪያ ከሌለ ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውን ማኒኮቶ በጨርቅ ይዞ ጨመቅ ማድረግ ነው። ጠንከር ማለት አለበት። ሞቆም ልፍስፍስ ካለ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው፣ ክዳን ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ። የክዳኖች ጆሮ ተመሳሳይ ሆኖ ቁመታቸው ይለያያል። ከጠርዙ እስከ ላስቲኩ ያለው ጥልቀት ካነሰ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ ላስቲኩ ግን አንገቱ ውስጥ ያለውን መቀመጫ አይነካም፤ አዲስ ክዳን ተገዝቶ ግፊት ዜሮ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት በቂ ነው። መቀመጫው ራሱ በብየዳ ከተጣመመ ወይም ዝገት ከበላው ደግሞ የትኛውም ክዳን አያድነውም። ከአንገቱ የምትወጣው ቀጭን ጎማ ጫፏ ዕቃው ውስጥ ከውሃው በታች መግባት አለባት፤ አለዚያ የምትመልሰው አየር ነው። በዋናው ዕቃ ፋንታ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ታስሮ ባይ አይገርመኝም። ጎማዋ ታች ድረስ ከገባች ያው ይሠራል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው የሚያፈላው መቼ ነው የሚለው ነው። መልሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ቆሞ መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ ሞቆ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ጉዳዩ የነፋስ ነው። ቺንጋውን (ቬንትሌተሩንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) በአውራ ጣት በርታ ብሎ መጫን፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት፣ ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። በቬንትሌተሩ ዙሪያ የነበረው መከለያ ተነቅሎ የተጣለበት ዲኤክስ ብዙ ነው። ያለ እሱ ቬንትሌተሩ እዚያው አካባቢ ያለውን የሞተር ሙቀት እያዞረ ይነፍሳል እንጂ በራዲያተሩ በኩል አይስብም። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር የተገጠመለት ከሆነ የወረቀት ሙከራ አለ፦ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ወረቀት ሲያስጠጉ ወረቀቱ ሊጣበቅ ይገባል። ገፍቶ ከመለሰው ገመዶቹ ተገልብጠው ታስረዋል፣ ማለትም መኪናው ሲሄድ ከፊት ከሚመጣው ነፋስ ጋር እየታገለ ነው።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ፣ በተለይ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚያፈላ ከሆነ ራዲያተሩን እጠረጥራለሁ። ለዓመታት የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎቹ በኖራ ይደፈናሉ። ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ሙሉ በሙሉ መቆሙን አይቶ፣ የራዲያተሩን ፊት በእጅ መዳሰስ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ካለ እዚያ ውሃ አያልፍም። አሮጌው ራዲያተር መዳብ ስለሆነ ማጠራቀሚያው በሙቀት ተላቆ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ብረት ሊጠረጉ ይችላሉ፤ ይህ በኬሚካል ከማጠብ እጅግ ይሻላል። ግን ሲከፈት አብሮ ቆሞ ማየት ይበጃል። የሚያፈስ ቱቦ በተገኘ ቁጥር በቆርቆሮ ተደፍኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ በየጥገናው ሁለት ሦስት እየተደፈነ የራዲያተሩ ሲሶ የሞተበት አለ። እንዲህ ያለውን መጠገን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ውስጡ በሙሉ ይቀየር።

የታችኛው ማኒኮቶም የዳገት ሕመም አለው። ፓምፑ የሚስበው በእሱ በኩል ስለሆነ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ከዛገ ወይም ሲቀየር ከተረሳ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ይጨመቅና መንገዱን ይዘጋል። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲያዩት ምንም የለበትም፤ ሰው ነዳጅ እየረገጠ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ሲያደርሰው ነው የሚታየው። ፑንቲናም (የካንዴላውን እሳት ሰዓት የሚወስነው መቆራረጫ) አለ። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው እየተበላ ሲጠብ ማቀጣጠያው ይዘገያል፣ እሳቱ በጭስ ማውጫው በኩል እየነደደ ይወጣል፣ ቴስታታውም ይግላል። ሙቀት የሚነሳው ከውሃ በኩል ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን አያይም።

ስለ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ስለሚዘጋው ቫልቭ፣ ጥቂት ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር መጀመሪያ ተነቅሎ የሚጣለው እሱ ነው። ሲጣል ሞተሩ በደብረ ዘይት ቁልቁለት ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፤ ዳገት ላይ ግን ራዲያተሩ ከተደፈነ ያው ያፈላል። እንፈትነው ብለው ድስት ውስጥ ሲቀቅሉት ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። 82 የተቀረጸበት ቴርሞስታት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ተከፍቶ የሚያበቃው ግን 95 ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት ድስት 95 አይደርስም። 88 የሚል ከሆነማ ውሃው እየተንተከተከ እያለ ስንጥቅ ብቻ ከፍቶ ይቆያል። «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው ጤነኛው ነው። እዚህ የሚታየው መክፈት መጀመሩና ሲበርድ መዝጋቱ ነው፤ ሙሉ መከፈቱን ማየት የፈለገ ድስቱ ውስጥ ግማሽ ኩላንት ይጨምር፣ ድስቱ ግን ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም። ሲገጠም ስፕሪንጉ ወደ ሞተር፣ አየር ማሳለፊያዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ።

አሁን ወደ ቴስታታው። ጥርጣሬው ተገቢ የሚሆነው ውሃ እያነሰ የሚያፈስበት ቦታ ሲጠፋ ወይም ማኒኮቶው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ በተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሲሆን ነው። ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ቺንጋው ይፈታ፣ ራዲያተሩ እስከ አንገቱ ይሞላ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳ። ፓምፑ ስለማይዞር ውሃው ረግቶ መቀመጥ አለበት። አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ማስነሳት አያስፈልግም። ካንዴላዎቹም (በየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጡት) ይመስክሩ፤ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ በእንፋሎት እንደታጠበ ንጹሕ ከሆነ ውሃ የሚገባው እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነው።

ከተከፈተ አይቀር ቀጥ ባለ ብረት ማስመሪያ በርዝመትና በሰያፍ ይለካ። የ0.05 ሚሊ ሜትር መለኪያ ቅጠል ከሥሩ በቀላሉ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጉድጓድ ከመሥራት አያልፍም። የብሎኩም ፊት ይለካ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጥበቁ።

ሲሞላ ሲስተሙ ከ5 እስከ 6 ሊትር ስለሚይዝ ግማሹን ኩላንት፣ ግማሹን የተጣራ የባትሪ ውሃ ማድረግ ነው፤ አሲዱን አይደለም። አፍንጫው ወደ ዳገት ይቁም፣ የማሞቂያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው ይከፈት፣ ቀስ ተብሎ ይሞላ፣ ቴርሞስታቱ ከፍቶ የላይኛው ማኒኮቶ እስኪሞቅ በሚኒሞ ይሥራ። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ፤ ከጎደለ ያ ውስጥ የቀረ አየር ስለሆነ ይሞላል። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ ግን አየር አይደለም።

የሙቀት ጌጁን በተመለከተ፣ ሴንሰሩ ሙቀቱን የሚያነበው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው። ዳገት ላይ መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ማርሽ መቀነስ፣ ማሞቂያውን መክፈት፣ ቦታ ሲገኝ ቆሞ በሚኒሞ ማብረድ ይቻላል። ቀዩ አጠገብ የነበረ መርፌ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወደቀ ግን ሞተሩ አልበረደም፣ ውሃው አልቋል። ያኔ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ክዳኑ አይነካም፣ በጋለው ቴስታታ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይገባም።