በር የዘጋችውና አገር የዞረችው

ለንደን ውስጥ የማታ ኮርስ ይዣለሁ። የመካከለኛው ዘመን ሴቶች የጻፉትን ነው የምናነበው። የእንግሊዛዊቷ ጸሐፊ የጁሊያን ዘ ኖርዊች ስም ሲነሳ ክፍሉ ሁሉ በአክብሮት ዝም ይላል። የኖረችበትን ቦታ ካላየሁ አልኩና ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ወደ ኖርዊች ከተማ ባቡር ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የጁሊያን ቤተ ክርስቲያን ከኪንግ ስትሪት ገባ ብላ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ናት። ካልፈለጓት አትታይም። 1942 በጀርመን ቦምብ ፈርሳ፣ 1953 እንደገና ተሠርታለች። የጁሊያን ክፍል ተብላ ዛሬ ገብተን የምንቀመጥባት ክፍልም ያኔ አብራ የተሠራች ናት። በሯ እንኳ የመጣው በዚያው ጦርነት ከፈረሰ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ቁጭ ስል ግን ረሳሁት።

ጁሊያን በግንቦት 1373 ለሞት የሚያደርስ ሕመም ያዛት። 30 ዓመቷ ነበር። ቄሱ መስቀል ፊቷ ላይ ይዞላት ሳለ 16 ራእዮች አየች። ዳነችና በአጭሩ ጻፈችው። ከዚያ 20 ዓመት ያህል አሰላስላ በሰፊው ጻፈችው። በእንግሊዝኛ ሴት እንደጻፈችው ከሚታወቁት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይኸው ነው።

እኛ ብንሆን በዓት ዘግታለች እንላታለን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በተያያዘች ክፍል ገብታ፣ እስክትሞት ላትወጣ። እንዲህ ለሚዘጉ ሰዎች መስኮት ይተውላቸው ነበር፦ ቅዳሴ የሚከታተሉበት፣ ምግብ የሚቀበሉበት፣ ምክር ፈላጊ የሚያነጋግሩበት። ከተሜው በኑዛዜው ገንዘብ ይተውላት እንደነበር ሰነድ አለ። እውነተኛ ስሟ ግን አይታወቅም፤ ጁሊያን ያሏት ምናልባት በቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው።

1413 አካባቢ መስኮቱ ላይ አንዲት አስቸጋሪ እንግዳ መጣች፣ ማርጀሪ ኬምፕ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ የሄደው ወደ እሷ ነው። የሊን ከተማ ከንቲባ ልጅ ናት። 14 ልጆች ወልዳለች። ጠላ ቢጤ ጠምቃ ሸጠች፤ ከሰረች። በፈረስ የሚዞር ወፍጮ አቆመች፤ እሱም አልሆነም። ከዚያ የክርስቶስን ስቃይ ባሰበች ቁጥር፣ ሰው ፊት፣ ስብከት መሃል ታለቅስ ጀመር። ሰውን አሰለቸች። ጁሊያን ግን እንባሽ ከእግዚአብሔር ነው፣ የሰው ወሬ አያስፈራሽ ብላ እንዳጽናናቻት ማርጀሪ ራሷ ታወራለች።

ሊን፣ የዛሬዋ ኪንግስ ሊን፣ ከኖርዊች 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ቀጥታ ባቡር የለም፤ ኢሊ ላይ ወርዶ መቀየር ነው። የማርጀሪ ደብር፣ ቅድስት ማርጋሬት፣ አሁንም መሃል ከተማው ላይ አለች። ወደቡ ቅርብ ነው። ሴትየዋ ለምን እግሯ አላርፍ እንዳለ ያኔ ገባኝ። ኢየሩሳሌም፣ ሮም፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ሄዳለች። ኢየሩሳሌም ጎልጎታ ላይ ወድቃ ጮኸች። የእኛም መነኮሳት በዚያ ዘመን እዚያ ነበሩና ጩኸቷን ሰምተዋት ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ለነሱ እንኳ ለቅሶ ብርቅ አይደለም።

ማርጀሪ መጻፍ ስለማትችል ታሪኳን እየተናገረች አስጻፈች። የመጀመሪያው ጸሐፊ ጽሑፍ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ያልሆነ ሆኖ ሊነበብ አልቻለም፤ አንድ ቄስ በመከራ አስተካከለው። ዛሬ ያለው አንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። 1934 ከአንድ ቤተሰብ ቤት እስኪወጣ ሙሉውን ታሪኳን የሚያውቅ አልነበረም። በ2024 መጨረሻ ብሪቲሽ ላይብረሪ የመካከለኛው ዘመን ሴቶችን ኤግዚቢሽን ሲከፍት ያንን የእጅ ጽሑፍ ለማየት ተሰለፍኩ። ወርቅ የለው፣ ሥዕል የለው። ጠርዙ ላይ ግን መነኮሳት እያነበቡ በቀይ የጻፉት ማስታወሻ አለ፤ ከጽሑፉ ይልቅ እሱ ዓይኔን ያዘው።

እስከ 1934 ድረስ ሰው የሚያውቃት 1501 አካባቢ በታተመች ጥቂት ገጾች ቅንጫቢ ነበር። አታሚው ጩኸቱን፣ ጠቡን፣ ጉዞውን አውጥቶ ጸሎቱን ብቻ አስቀረ። 1521 ሌላ አታሚ ሲደግመው ደግሞ ማርጀሪን በዓት የዘጋች ባሕታዊት አደረጋት። ኢየሩሳሌም ደርሳ የመጣችውን ሴትዮ!