ወረቀት ላይ ያሉት የፊዚክስ መምህር

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። የቀበሌ በሉት፣ የመሬት፣ የጡረታ፣ ያልጻፍኩት የለም። ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ጠፋ ሲባልም «ይሄማ ምን አላት» ብዬ ተነሣሁ። ያስመታኝ ይኸው ልበ ሙሉነቴ ነው።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ልጄ 12ኛ ክፍል፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ኅዳር ላይ ደብተሯን ሳገላብጥ የፊዚክሱ ከጥቅምት 12 ወዲህ ባዶ ነው። ምነው ስላት «ፍሪ ነው» አለችኝ። የትናንቱስ? «እሱም ፍሪ።» መስከረም መጨረሻ ላይ የ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ወጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ናቸው፣ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተብሎ ሁላችንም ደንግጠናል። እኛ ቤት ፊዚክስ ፍሪ ነው።

ወላጅ ማሰባሰቡ አላስቸገረም፤ በሁለት ቀን 64 ፊርማ ሞላ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው ሥልጠና ሄደዋል። ደብዳቤው ተመርቷል። ለማን? ለሚመለከተው። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ የከፈልኩትን ብደምረው አንድ መምህር ለአንድ ወር ይቀጥር ነበር፤ እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ አዘነልኝና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደኔ አዞረልኝ። «እህቴ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር አልጎደለም። ይኸው ሦስት ናቸው።»

ሦስት ስም አለ። አንደኛው በእርግጥ ያስተምራሉ። ሁለተኛው ለትምህርት ከሄዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሦስተኛው፣ የልጄ መምህር፣ «በጊዜያዊነት» ለሌላ ቢሮ ሥራ ተጠርተው ጥቅምት ላይ ሄደዋል፤ ደመወዛቸው ግን እዚያው ነው። «መደቡ ተይዟል። በተያዘ መደብ ላይ ቅጥር አይፈቀድም» አለኝ። የኔ ማመልከቻ ደግሞ የሚለው «የፊዚክስ መምህር ስለሌለ ይቀጠርልን» ነው። በእነሱ መዝገብ መምህሩ አሉ፤ ቅጥር ደግሞ ሊያደርጉት የማይችሉት ነገር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እምቢ እንዲሉኝ አመቻችቼላቸዋለሁ። ስድሳ አራቱን ፊርማ ሰውየው ገልጦም አላያቸው።

በዚህ ንዴት ነው ጥር ላይ የወላጆች ስብሰባ የገባሁት። ተነሥቼ ርዕሰ መምህሩን በሰው ሁሉ ፊት «እርስዎ ዝም ስላሉ ነው ልጆቻችን እንዲህ የሆኑት» አልኳቸው። ተጨበጨበልኝ። እሳቸው ቀና ብለው አይተውኝ አቀረቀሩ። ስብሰባው ሲበተን ቢሯቸው አስገቡኝና ከመሳቢያ አንድ ቦክስ ፋይል አወጡ። የጥቅምት፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥ፤ ሦስት ደብዳቤ፣ በየራሳቸው ላይ «ለክትትል» ተብሎ ተመርቶባቸዋል። «ኮፒያቸውን ያወጣሁት እኮ እርስዎ ጋ ነው» አሉኝ። «የኅዳሩን እንዲያውም ራስዎ ነዎት ያነሡልኝ።»

አስታወስኩት። ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ ስጎትተው ጫፉ ተቀዶብኝ ነበር። ቅዳዱ አሁንም አለ። የሰው ወረቀት አላነብም ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ግን ቢሮ ውስጥ ነው። የሰደብኳቸው አዳራሽ ነበር።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። «መምህር የለም» የሚል ቃል የለበትም። ሠንጠረዥ ብቻ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቀን፣ ስንተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ ሳይሸፈን እንደቀረ። አምስት ክፍል፣ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ። ጥያቄያችንም «ቅጥር» ሳይሆን «ድልድል» ሆነ፤ ጫና ከማይበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ሰው ይመደብልን አልን። በአሥረኛው ቀን በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጡ መምህር ተላኩልን። የካቲት ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በአሠራሩ መሠረት አቤቱታ ከወላጅ ኮሚቴ ወደ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደረጃውን ጠብቆ ይሄዳል ይሏችኋል። አትጠብቁ፤ ለሁሉም በአንድ ቀን ግልባጭ አድርጉና በእጃችሁ አድርሱ። መምህር አትቁጠሩ፣ ክፍለ ጊዜ ቁጠሩ። የልጃችሁን ፕሮግራም በመስከረም ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ከሁሉ በፊት ግን ርዕሰ መምህሩን «እስካሁን ምን ጻፉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገንዘብ ማዋጣቱን ግን እርሱት። እኛ ታኅሣሥ ላይ ለቅዳሜ ማጠናከሪያ 200፣ 200 ብር ብለን ሞክረን ነበር። መክፈል ያልቻሉት ልጆች አፍረው ከቅዳሜው ቀሩ፤ ቆይተው ከሰኞውም ቀሩ። ይህን የነገረችኝ የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ናት። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ብቻዋን ናት፤ በዚያ ላይ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ እንድትሸፍን ትደረጋለች። የቀሩትን 11 ልጆች ስም በደብተር ይዛ ማታ ማታ በራሷ ካርድ ትደውልላቸው ነበር። ሰባቱ ተመለሱ። ይህን ማንም በሠንጠረዥ አልጠየቃትም።

ልጄ ሐምሌ ላይ ተፈተነች። ዝቅተኛው ውጤቷ ፊዚክስ ነው፤ አጠቃላዩ 50 በመቶ ሳይሞላ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ በሪሚዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት ማለት ነው፣ ነው የገባችው። የትኛው ስድስት ሳምንት ጎዳት ብዬ አንዳንዴ ማታ አሰላለሁ፤ የቢሮው ነው ወይስ የኔ።

ርዕሰ መምህሩ አሁንም ኮፒ ሊያስነሡ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ሲሰጡኝ እጄ ማሽኑ ላይ ቆመ። «ያንብቡት እንጂ» አሉኝ። የዘንድሮው ስለ ኬሚስትሪ ነው።